በግሩፕ ውይይት ሰውን በ@ መጥራት፦ ጥሪው ለማን እንደሆነ እንዳይምታታ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ብዙ አባላት ባሉት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ «ሰሎሞን፣ የላክሁልህን አየኸው?» የሚል መልእክት ሲወጣ ሦስት ሰሎሞኖች ያነቡታል፤ ሦስቱም ለሌላው ሰሎሞን የተባለ መስሏቸው ያልፉታል፤ ጠያቂውም ዝምታውን እንደ ንቀት ይቆጥረዋል። በእድር፣ በኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች፣ በተማሪ ወላጆች፣ ወይም ግማሹ አዲስ አበባ ግማሹ ዋሽንግተን በሚኖር ቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ ያለ ሰው ይህን ዓይነት ነገር ሳያይ አይቀርም። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱን የምናሳብበው በአባላቱ አለመጠንቀቅ ነው። እኔ ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ይመስለኛል፤ አንድ ሰው በስልክ ውስጥ ከአንድ በላይ ስም አለው፣ ላኪው የትኛውን ስም እንደጻፈና ተቀባዩ የትኛውን እንደሚያነብ ደግሞ አብዛኞቻችን ሳናውቅ ነው የምንጽፈው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በዋናነት ቴሌግራምን ይመለከታል፤ ዋትስአፕ በሚለይበት ቦታ ልዩነቱ ተነግሯል። ዩዘርኔሞች በስልክ ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ቢሆንም እዚህ ምሳሌዎቹን በራሳችን ፊደል አስቀምጫቸዋለሁ።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ሦስቱን ስሞች ይለዩ

የመጀመሪያው ሰውየው ራሱ በፕሮፋይሉ ላይ የጻፈው መጠሪያ ነው። በፈለገው ፊደል ሊጽፈው፣ በአበባና በመስቀል ምልክት ሊያጅበው፣ በየቀኑም ሊቀይረው ይችላል፤ ሺህ ሰዎች ተመሳሳይ መጠሪያ ቢይዙም የሚከለክላቸው ነገር የለም። ሁለተኛው ዩዘርኔም የሚባለው ነው። ይህ በቴሌግራም መደበኛ አሠራር ከ5 እስከ 32 በሚደርሱ የላቲን ፊደላት፣ ቁጥሮችና የታችኛው ሰረዝ (_) ብቻ የሚጻፍ፣ በፊደል የሚጀምርና አንድ ሰው ከያዘው ሌላው ሊይዘው የማይችል ስም ነው፤ ትልቁና ትንሹ ፊደል እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ብዙዎቻችን ኤት የምንለውን የ@ ምልክት አስቀድመን የምንጽፈው ይህን ስም ነው። ዩዘርኔም ማውጣት ግዴታ ስላልሆነ ጨርሶ የሌላቸው አባላት በየግሩፑ አሉ። ሦስተኛው እርስዎ በስልክ መዝገብዎ ላይ የሰውየውን ቁጥር ያስቀመጡበት ስም ነው፤ ችላ የምንለው ይህኛውን ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚያሳፍረንም እሱ ነው።

አንደኛ እርምጃ፦ የራስዎን ስም ያስተካክሉ

ሌሎች እርስዎን በትክክል እንዲጠሩዎት በመጠሪያ ስምዎ ላይ የራስዎንና የአባትዎን ስም ይጻፉ። «የማርያም ልጅ» ወይም ባዶ ነጥብ ብቻ በመጠሪያነት ያስቀመጠን አባል ሰው ሊጠራው ቢፈልግ እንኳ በምን ብሎ እንደሚፈልገው አያውቅም። በእኛ አጠራር የቤተሰብ ስም ስለሌለ «ሰሎሞን ተስፋዬ» የሚባሉ ሁለት ሰዎች በአንድ ግሩፕ ቢገናኙ የሚያስደንቅ አይደለም፤ እንዲህ ከሆነ የአያት ስም መጨመር ይበቃል። አንዳንዶች ለመለየት ብለው የብሎክና የቤት ቁጥራቸውን በመጠሪያቸው ላይ ይጽፋሉ። ይህን አልመክርም፤ ምክንያቱም መጠሪያው የሚታየው በዚያ ግሩፕ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በቴሌግራም ላይ በሚገኙበት ሁሉ ነው።

ዩዘርኔም ሲያወጡ ሰው በቃል ሲነገረው ሊጽፈው የሚችለውን ይምረጡ። ጸጋዬ የሚለውን ስም በቲ እና ኤስ የሚጀምር አለ፣ በኤስ ብቻ የሚጀምርም አለ፤ መጨረሻውን በዋይ የሚዘጋ አለ፣ በኢ የሚዘጋም አለ። ስምዎ እንዲህ አከራካሪ ከሆነ አጭሩንና የተለመደውን አጻጻፍ ይያዙ። ከዜሮ እና ከኦ፣ ከትንሹ ኤል እና ከትልቁ አይ አንዱን በሌላው ቦታ አይተኩ፣ ሁለት የታችኛ ሰረዞችንም አያከታትሉ። የእነዚህ መምታታት ወደ ኋላ የምናነሣውን ሌላ መዘዝ ያመጣል።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ስሙን በእጅ አይጻፉት፣ ከዝርዝሩ ይምረጡት

በመልእክት መጻፊያው ላይ @ ሲጽፉ የግሩፑ አባላት ዝርዝር ብቅ ይላል፤ ፊደላት በጨመሩ ቁጥርም ዝርዝሩ እየጠበበ ይሄዳል። ከዚያ ላይ ሰውየውን ነክተው ይምረጡ። ከመምረጥዎ በፊት ፎቶውን ብቻ ሳይሆን ከመጠሪያው ጋር የሚታየውን ዩዘርኔምም ይመልከቱ፤ ከሦስቱ ሰሎሞኖች የሚፈልጉትን የሚለይልዎት እሱ ነው። የመረጡት ሰው ዩዘርኔም ከሌለው ቴሌግራም በምትኩ በስልክዎ ላይ የሚታየውን ስሙን አስገብቶ በስውር ከአካውንቱ ጋር ያያይዘዋል፤ ስለዚህ ዩዘርኔም የሌለውም ሰው መጠራት ይችላል።

እዚህ ላይ በአማርኛ ስሞች የሚያጋጥም እንቅፋት አለ። ለጆሯችን አንድ የሆኑት ፀሐይ እና ጸሐይ፣ ኃይሉ፣ ሐይሉ እና ሀይሉ፣ ዓለም እና አለም ለኮምፒውተር የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ የተለየ ቁጥር አለውና። ስለዚህ በፀሐዩ «ፀ» ፈልገው ያጡትን ሰው ከግሩፑ ወጥቷል ብለው አይደምድሙ። በሌላው ፊደል ይሞክሩ፣ ወይም የአባቱን ስም ይጻፉ፣ ካልሆነም ሰውየው ከዚህ በፊት የጻፈውን መልእክት ፈልገው ከዚያ ይነሡ።

ስሙን በግምት በእጅ መጻፍ የከፋ ነገር ያመጣል። በቴሌግራም የሰዎች፣ የቻናሎች፣ የግሩፖችና የቦቶች ዩዘርኔሞች ሁሉ የሚወጡት ከአንድ ቋት ነው። እርስዎ የጎረቤትዎን ስም የጻፉ መስሎዎት የጫማ ሻጭ ቻናል ወይም በሌላ አገር የሚኖር የማያውቁት ሰው ሊከፈት ይችላል። ጽሑፉ ሰማያዊ ሆኖ መታየቱም ሰውየው ጥሪው እንደደረሰው አያረጋግጥም፤ ግሩፑ ውስጥ የሌለን ሰው ዩዘርኔም ቢጽፉ ስሙ ሰማያዊ ይሆናል፣ ሰውየው ግን ምንም ማሳወቂያ አይደርሰውም።

ሦስተኛ እርምጃ፦ በስሙ ላይ ምንም ፊደል አያጣብቁ

ለአማርኛ ጸሐፊ ከሁሉ የሚበልጠው እርምጃ ይህ ነው ባይ ነኝ፤ ችግሩ የእንግሊዝኛ ስላልሆነ በእንግሊዝኛ ከተጻፉ መመሪያዎች አይጠበቅም። እኛ «ለ»፣ «የ»፣ «ከ»፣ «በ» የሚሉትን ከስም ጋር አጣብቀን እንጽፋለን፤ ከኋላም «ን» እና «ም» እንቀጥላለን። ስለዚህ እጃችን ሳያስበው «ለ@ሰሎሞን ንገሩት» ወይም «@ሰሎሞንን ጠይቁ» ብለን እንጽፋለን። ቴሌግራም ግን አንድን ዩዘርኔም እንደ ጥሪ የሚቆጥረው ከ@ ምልክቱ በፊትና ከስሙ መጨረሻ በኋላ ፊደል ወይም ቁጥር ከሌለ ብቻ ነው። የግእዝ ፊደልም ፊደል ነው። «ለ» ከፊት ከተጣበቀ፣ ወይም «ን» ከኋላ ከቀጠለ፣ ጽሑፉ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፤ ስሙ ሰማያዊ አይሆንም፣ የተጠራው ሰውም አያውቅም።

ለዚህ ምክንያት አለው። @ በኢሜይል አድራሻ ውስጥ የሰውየውን ስም ከኮምፒውተሩ ስም እንዲለይ የኢሜይል ፈር ቀዳጅ የሆነው ሬይ ቶምሊንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 መርጦት ከዚያ ወዲህ በዚያው ሥራ ላይ አለ። ከምልክቱ በፊት ፊደል ካለ ጽሑፉ ኢሜይል ሊሆን ስለሚችል ፕሮግራሙ እንደ ጥሪ አድርጎ አይወስደውም።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። ቀላሉ ክፍተት መተው ነው፤ «ለ @ሰሎሞን ንገሩት» ብለው ይጽፋሉ። ለዓይን ትንሽ ይቆረፍዳል፣ ይሠራል ግን። የተሻለው ዓረፍተ ነገሩን አዙሮ ስሙን መጀመሪያ ላይ ለብቻው ማቆም ነው። «የ@ሰሎሞንን ሰነድ እየጠበቅን ነው» ከማለት «@ሰሎሞን፣ ሰነድህን እየጠበቅን ነው» ቢሉ ጥሪው ይሠራል፣ አማርኛውም ይቃናል። ነጠላ ሰረዝ፣ አራት ነጥብና ሁለት ነጥብ ፊደል ስላልሆኑ ከስሙ ጋር ቢጣበቁ ምንም ችግር አያመጡም። በኤክስ (በቀድሞው ትዊተር) ላይ ደንቡ ላላ ያለ ነውና ከስሙ ኋላ የግእዝ ፊደል ቢከተልም ጥሪው አይሰናከልም፤ ቢሆንም በሁሉም ቦታ የሚሠራውን ልማድ መያዝ ይሻላል።

አክብሮት የሚገባቸውን ሰዎች ሲጠሩም በዚሁ መንገድ ይሂዱ። «ጋሽ»፣ «እትዬ»፣ «አባ» የሚለውን አስቀድመው፣ ክፍተት ትተው፣ ከዚያ @ ይጻፉ። ትልቅ ሰውን በባዶ ዩዘርኔም መጥራት ለብዙዎች በአደባባይ በስም ብቻ ከመጥራት አይለይም፤ አንድ ቃል መጨመር ምንም አያስቸግርም።

አራተኛ እርምጃ፦ እርስዎ ያስቀመጡትን ስም ሌላው እንደሚያየው ወይም እንደማያየው ይወቁ

የሰዎችን ቁጥር «አልማዝ እንጀራ»፣ «ከበደ ቧንቧ»፣ «ባለዕዳው» እያልን መመዝገብ ልማዳችን ነው። ዋትስአፕ ውስጥ ለምሳሌ አልማዝን ሲጠሩ በእርስዎ ስልክ ላይ የሚታየው እርስዎ የመዘገቡት ስም ነው፤ ሌላው አባል ግን በራሱ መዝገብ ያለውን ያያል፣ ካልመዘገባት ደግሞ ሴትዮዋ ራሷ ያወጣችውን ስም ወይም ቁጥሯን ያያል። «አልማዝ እንጀራ» የሚለውን ሌላ ሰው አያይብዎትም። ይህ ያረጋጋል፤ ግን የራሱ መምታታት አለው። በእርስዎ ስልክ ላይ ግልጽ የሆነው ጥሪ ለሌላው በጨረፍታ የማይለይ የስልክ ቁጥር ሆኖ ሊታየው ይችላል። ስለዚህ በዋትስአፕ ከጥሪው ቀጥሎ ስሟን በጽሑፍም ይድገሙት። የግሩፑን ውይይት በስክሪንሾት ለሌላ ሰው ሲልኩ ደግሞ የሚሄደው የእርስዎ ስልክ የሚያሳየው መሆኑን አይርሱ፤ ያን ጊዜ «ባለዕዳው» በአደባባይ ይወጣል።

ቴሌግራም ከዚህ ተቃራኒ ነው። ዩዘርኔም የሌለውን ሰው ከዝርዝሩ ሲመርጡ መልእክቱ ውስጥ የሚገባው በእርስዎ ስልክ ላይ የሚታየው ስም፣ ማለትም ሰውየው በመዝገብዎ ካለ እርስዎ ያስቀመጡለት ነው፤ ለሁሉም አባላት የሚደርሰውም ያው ጽሑፍ ነው። «ከበደ ቧንቧ» ብለው የመዘገቡትን ሰው በነዋሪዎች ግሩፕ ውስጥ ቢጠሩት እሱም ጎረቤቱም «ከበደ ቧንቧ» ብለው ያነቡታል። ከመላክዎ በፊት የገባውን ስም ያንብቡ፤ ካልወደዱት በስልክ መዝገብዎ ላይ አስተካክለው እንደገና ይምረጡ።

አምስተኛ እርምጃ፦ ግሡ ስሙን እንዲያግዘው ያድርጉ

አማርኛ በዚህ ረገድ ለጥንቁቅ ጸሐፊ የሚጠቅም ነገር አለው፤ ግሣችን ወንድና ሴትን፣ አንድና ብዙን፣ አክብሮትንም ይለያል። ደስታ፣ ሰላም፣ አዲስ የሚሉ ስሞች ለወንድም ለሴትም ይወጣሉ፤ «ላከው» ወይም «ላኪው» ማለትዎ ብቻ ከሁለቱ ደስታዎች የትኛውን እንደጠሩ ይነግራል። ነገር ግን አክብሮት ሲገባ ግሡ ራሱ ያምታታል። «ሰነዱ ለኮሚቴው ይላኩ» የሚለው «እርስዎ ይላኩ» ሊሆን ይችላል፣ «እነሱ ይላኩ»ም ሊሆን ይችላል፤ ሰነዱ ራሱ ይላክ ለማለት ተፈልጎ በስሕተት የተጻፈ ሊመስልም ይችላል። ሦስት ሰዎችን በአንድ መልእክት ጠርተው በመጨረሻ «እባክዎ ይላኩልን» ካሉ ሦስቱም አንዱ የተከበረው ሌላው ነው ብለው ይተዉታል።

ስለዚህ ብዙ ሰዎችን በአንድ መልእክት ሲጠሩ እያንዳንዱን ስም ከሥራው ጋር በየራሱ መስመር ያስቀምጡ፦ «@ሰሎሞን፣ ደረሰኙን አንተ ላክ።» በሚቀጥለው መስመር «እትዬ @አልማዝ፣ እርስዎ ፊርማውን ያሰባስቡልን።» አምስት ስም ደርድሮ አንድ ጥያቄ ማስከተል ማንንም አለመጥራት ነው።

ስድስተኛ እርምጃ፦ ሪፕላይ እና @ ለየራሳቸው ሥራ

አንድ ሰው ለጻፈው መልስ የሚሰጡ ከሆነ ሪፕላይ ያድርጉ፤ ሰውየው ግሩፑን ሚውት ቢያደርግም በመደበኛው ቅንብር ማሳወቂያ ይደርሰዋል፣ አንባቢም ነገሩ ከየት እንደመጣ ያያል። መልእክቱ ረጅም ሆኖ እርስዎ አንዱን ዐረፍተ ነገር ብቻ የሚመልሱ ከሆነ ያችን ክፍል መርጠው መጥቀስ ይችላሉ። @ የሚያስፈልገው አዲስ ጉዳይ ሲያነሡ፣ ወይም የአንዱን መልእክት ለሌላ ሰው ሲያሳዩ ነው። ሁለቱን ሲያደባልቁ ግን ይጠንቀቁ፤ ለሰሎሞን መልእክት ሪፕላይ አድርገው «አንተ ምን ትላለህ @ዳዊት?» ካሉ ሁለቱም ማሳወቂያ ይደርሳቸዋል፣ «አንተ» የተባለው ግን ማን እንደሆነ ሁለቱም ይጠራጠራሉ። ስሙን ከ«አንተ» በፊት ያምጡት።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ገንዘብ የሚነካ ነገር ሲመጣ ዩዘርኔሙን ይመርምሩ

የእድሩ ገንዘብ ያዥ ፎቶና መጠሪያ ያለው ሰው በግል መልእክት መጥቶ «በቴሌብር ቶሎ ላክልኝ» ቢልዎት ፎቶውና መጠሪያው ምንም አያረጋግጡም፤ ሁለቱንም ማንም መገልበጥ ይችላል። ዩዘርኔሙ ግን አይገለበጥም። ስለዚህ አጭበርባሪው የሚያደርገው የሚመስለውን መያዝ ነው፤ በትንሹ ኤል ቦታ ትልቁን አይ ያስገባል፣ በኦ ቦታ ዜሮ፣ ወይም አንድ የታችኛ ሰረዝ ይጨምራል። ከዚህ የረቀቀም አለ። ለራሱ ዩዘርኔም ሳያወጣ ስለራሱ በሚጽፍበት ቦታ የእውነተኛውን ሰው ዩዘርኔም ከነ@ ምልክቱ ይጽፈዋል፤ ፕሮፋይሉን በጥድፊያ የከፈተ ሰው እሱን እንደ ዩዘርኔሙ ያነበዋል።

እንዲህ ያድርጉ። ከመጣልዎት የግል መልእክት ወጥተው ወደ ግሩፑ ይሂዱ፣ ገንዘብ ያዡ ቀደም ብሎ በግሩፑ የጻፈውን መልእክት ያግኙ፣ ከዚያ መልእክት ላይ ስሙን ነክተው ፕሮፋይሉን ይክፈቱ፣ ከዚያም በቀጥታ የግል መልእክት ይጻፉለት። ያ የጠየቀዎት ሰው እሱ ከሆነ ገንዘብ የጠየቀበት መልእክት ያለበት ያው ገጽ ይከፈታል፤ ካልሆነ ያ መልእክት የሌለበት ሌላ ገጽ ያያሉ። ፊደል ከማነጻጸር ይልቅ ይህ ይታመናል። ስልክ መደወል ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።

ለአድሚኖች

ቴሌግራም ሁሉንም አባል በአንድ ጊዜ የሚጠራ የራሱ ምልክት የለውም፤ ሁሉንም የሚመለከት ነገር ሲኖር መልእክቱን ከማሳወቂያ ጋር ፒን ያድርጉት፣ ማለትም በግሩፑ አናት ላይ ይስቀሉት። ኃላፊነት ያላቸውን ሰዎች መጠሪያ፣ ዩዘርኔምና የሥራ ድርሻ የያዘ አንድ መልእክት ፒን ተደርጎ ቢቀመጥ ግማሹን ጥያቄ ያስቀራል። ለአድሚኖች እስከ 16 ፊደል የሚደርስ ማዕረግ መስጠት ስለሚቻል «ገንዘብ ያዥ» ወይም «ጸሐፊ» የሚለው ከስማቸው አጠገብ እንዲታይ ያድርጉ። ስሙን ሰውሮ በግሩፑ ስም የሚጽፍ አድሚን በግል ሊጠራ እንደማይችል ያስታውሱ፤ አባላት መልስ የሚጠብቁበትን ጉዳይ በስውር መጻፍ ጨርሶ የማይመች ነው።

ስም ሲቀየርና ጥሪ ሲሳሳት

ዩዘርኔምዎን ለመቀየር ካሰቡ አስቀድመው በግሩፑ ያሳውቁ። በዩዘርኔም የተደረገ ጥሪ በመልእክቱ ውስጥ የሚቀመጠው እንደ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ እርስዎ የተዉትን ስም ነገ ሌላ ሰው ቢይዘው በአሮጌ መልእክቶች ላይ ያለው ስምዎ ሲነካ ወደዚያ ሰው ይወስዳል። በመጠሪያ ስም የተደረገው ጥሪ ግን ከአካውንቱ ጋር ስለታሰረ ስም ቢቀየርም አይስትም።

የተሳሳተ ሰው ጠርተው ከሆነ መልእክቱን አርመው በትክክለኛው ስም ቢተኩት አዲስ የተጠራው ሰው ማሳወቂያ ይደርሰዋል ብለው አይተማመኑ። ለራስዎ መልእክት ሪፕላይ አድርገው ትክክለኛውን ሰው በአዲስ መልእክት ይጥሩት። የመጀመሪያውንም ወዲያው አያጥፉት፤ በስሕተት የተጠራው ሰው ማሳወቂያውን አይቶ ሲገባ ምንም ካላገኘ ምን ተብዬ ነው የጠፋው እያለ ሊጨነቅ ይችላል። «ይቅርታ፣ ለአንተ አልነበረም» የሚል አንድ መስመር ለእሱ ጽፈው፣ እሱ ካነበበው በኋላ ቢፈልጉ ያጥፉት።